የታቦር ተዳፋት ምን ይልበስ?

ከታቦር ተራራ ላይ ሐዋሳን ቁልቁል የሚያይ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ሐይቁ ላይ ነው። ቀጥሎ ቀጥ ብለው የተቀየሱት ጎዳናዎች ይስቡታል። እግሩ ሥር ያለውን አፈር ልብ የሚለው ግን ጥቂት ነው። በጥርና በየካቲት ሣሩ ደርቆ ይገረጣል፤ በመሐሉ አፈሩ አፍጥጦ ይታያል። ይህ አፈር እንደ ደጋው ጥቁር መሬት የሚጣበቅ አይደለም። ሐዋሳ የተቆረቆረችው በጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ስለሆነ፣ አካባቢው በአመድና በቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሞላ ነው። ልቅ ነው፤ በቀላሉ ይቦንናል፣ በቀላሉም ይታጠባል።

የበልግ ዝናብ በመጋቢት ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ ወፍራም ጠብታዎች የሚወርዱት በዚህ እርቃኑን በቀረ መሬት ላይ ነው። ጠብታው አፈሩን ይፈነጥቀዋል፣ ጎርፉ ጠርጎ ይወስደዋል፣ ቁልቁለቱም ወደ ሐይቁ ያደርሰዋል። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ በዓይን የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። የጥቁር ውሃ ወንዝ ገብቶበት ይቀራል፤ ጎርፉ ያመጣው ደለልም እዚያው ይዘቅጣል። ደለል ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከከተማዋ በስተምሥራቅ የነበረው ትንሹ የጨለለቃ ሐይቅ ባለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ደለል ሞልቶት ረግረግ ሆኗል።

ስለ ተዳፋት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ዛፍ ነው። ዛፍ መልካም ነው፤ ነገር ግን በዛፎች መካከል ያለው መሬት ባዶ ከሆነ ጠብታው ያገኘዋል። ክፍተቱን የሚሞሉት በአትክልተኞች ዘንድ መሬት ሸፋኝ የሚባሉት ተክሎች ናቸው። ቁመታቸው ከቁርጭምጭሚት ብዙም አያልፍም፤ ወደ ጎን ይሰፋሉ፣ ብዙዎቹም ቅርንጫፋቸው መሬት በነካበት ሁሉ ሥር ይሰድዳሉ። ከእነሱ ውስጥ ተፈላጊዎቹ ለብዙ ዓመታት የሚኖሩት፣ ቅጠላቸውም ከወቅት ወቅት የማይረግፈው ናቸው። አደይ አበባ መስከረምን ያደምቀዋል፤ ነገር ግን ያንድ ዘመን ተክል ነውና ዘሩን ጥሎ ሲሄድ መሬቱ እንደገና ባዶ ይሆናል።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ እነዚህ ተክሎች የሚወደዱበት ምክንያት ሌላ ነው። እዚያ ከኅዳር እስከ የካቲት ግቢው ሁሉ ሲራቆት፣ በርጌኒያ የምትባለው የሳይቤሪያና የመካከለኛው እስያ ተክል እንደ ጎመን የሰፋ ቅጠሏን ይዛ ትቆያለች። ብርዱ ሲጠና አረንጓዴው ወደ ጥቁር ቀይ ይለወጣል፤ በሚያዝያ ሮዝ አበባ ታወጣና ቅጠሉ ተመልሶ አረንጓዴ ይሆናል። አጁጋ የምትባለውም እየተሳበች ትሰፋለች፤ ነሐስማና ወይን ጠጅ ቅጠል ያላቸው ዝርያዎች አሏት፣ በጸደይ የምታወጣው አበባ ሰማያዊ ነው።

የቅጠሉ ቀይ ቀለም የሚመጣው አንቶሳያኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ቅጠሉ በብርድ ተይዞ ምግብ መሥራቱ ሲዘገይ ፀሐዩ ግን መውረዱን አያቆምም። የተረፈው ብርሃን ቅጠሉን ሊጎዳ ስለሚችል ተክሉ ቀይ ቀለም አምርቶ ይከላከላል።

ሐዋሳ ላይ ውርጭ ብርቅ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የበጋው ሌሊት ቢቀዘቅዝም በርጌኒያን የሚያቀላ ብርድ አይመጣም። ስለዚህ ከውጭ የአትክልት መጽሔት ላይ ፎቶ አይቶ ያንኑ ተክል የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ደስ የሚለው ግን ያው ቀለም በሌላ መንገድም መምጣቱ ነው። ብርድ የሚያደርገውን ጠንካራ ፀሐይና ጥማትም ያደርጉታል፤ የሐዋሳ በጋ ደግሞ ሁለቱንም አያጣም።

ለዚህ ማስረጃው በከተማዋ ግቢዎችና በአገሪቱ ብዙ ከተሞች የሚታየው ወይን ጠጅ ቅጠል ያለው ትራዴስካንሺያ ነው። መነሻው ምሥራቅ ሜክሲኮ ነው። ጥላ ሥር ከተተከለ ወደ አረንጓዴነት ያደላል፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ግን ቀለሙ ይጠልቃል፣ ትንንሽ ሮዝ አበቦችም በጫፉ ላይ ይከፈታሉ። ውሃን በወፍራም ግንዱ ስለሚያጠራቅም የበጋውን ድርቅ ይችላል። አንድ ቁራጭ ተቆርጦ መሬት ውስጥ ቢሰካ ያለ ብዙ እንክብካቤ ይጸድቃል። የተቆረጠበት ፈሳሽ የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ስለሚያሳክክ ጓንት ማድረግ አይከፋም። ገበሬው ይህን ተክል ባያውቀው እንኳ ዘመዱን ያውቀዋል፤ በማሳ ውስጥ እየነቀለ የሚጥለው፣ ሰማያዊ አበባ ያለው የውሃ አንቁር ከዚሁ ቤተሰብ ነው።

ሌላው በየአደባባዩ የሚታየው ቀይና ቢጫ አረንጓዴ ቅጠል ያለው አልተርናንቴራ ነው። ከተሞች ስማቸውን ወይም ዓርማቸውን በተክል ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት እሱን ነው፤ ቢከረከም የሚታዘዝ፣ ጥግግት ያለው ተክል ነውና። ግን መቀስና ውሃ የማይለየው የአደባባይ ተክል ነው። በኮሪደር ልማት ለተሠሩት የመንገድ አካፋዮች ሠራተኛና የውሃ ቦቴ ስለሚመደብ ይስማማ ይሆናል። ለታቦር ተዳፋት ግን ማን በየሳምንቱ ወጥቶ ይከረክመዋል?

ሣርም አለ። በሲዳማ የገጠር ቤቶች ከጓሮ እንሰት፣ ከፊት ለፊት ደግሞ አጭር ሣር የለበሰ ደጃፍ ማየት የተለመደ ነው፤ ያንን ሣር የሚያሳጥሩት በአብዛኛው ጥጆች ናቸው። ዛሬ ከአውስትራሊያ እስከ ካሊፎርኒያ በመስክነት የሚተከለው የኪኩዩ ሣር የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከኬንያው የኪኩዩ ሕዝብ ነው። ሰርዶም እንዲሁ ዓለምን ያዳረሰ ሣር ነው። ሁለቱም አፈርን አጥብቀው ይይዛሉ። ኪኩዩ በበጋ ለምለም ሆኖ የሚቆየው ግን ውሃ ሲያገኝ ነው። ሰርዶ ያለ ውሃ ይደርቃል እንጂ አይሞትም፤ ዝናብ ሲነካው ከሥሩ ተነስቶ ያቆጠቁጣል። አትክልተኛው ከአበባ መደቡ ውስጥ ሊያጠፋው የሚታገለው ሰርዶ ተዳፋት ላይ ሲሆን ዋጋው ሌላ ነው።

ውጭ ያማረ ተክል ሁሉ ግን እንግድነቱን ጠብቆ አይኖርም። በካሊፎርኒያ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በባቡር ሐዲድ ዳር ያለውን አፈር እንዲይዝ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ወፍራም ቅጠል ያለው መሬት ሸፋኝ ተተከለ። አፈሩን ያዘ፤ ከዚያ የባሕር ዳርቻውን ሁሉ ወርሮ አገር በቀሎቹን ተክሎች አፈናቀለ። ለኢትዮጵያውያን ይህ ታሪክ አዲስ አይደለም። እምቦጭም ዓለምን የዞረው በአበባው ውበት ነው፤ እዚህ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ታየ፣ በ2011 ጣና ላይ ደረሰ። የወፍ ቆሎም ለአጥርና ለጌጥ ሲባል በብዙ አገር ተተክሎ የግጦሽ መሬት ጠላት ሆኗል። ሐምራዊ አበባ ያላት ተሳቢዋ እህቱ ደግሞ በየግቢው እንደ መሬት ሸፋኝ ትተከላለች፤ በአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ ግን በአረምነት ተመዝግባለች። በግቢ ውስጥ፣ በሰው ዓይን ሥር ብትሆን ብዙም አያስፈራም። ወፍና ጎርፍ ዘር ይዘው ወደ ሐይቅ በሚወርዱበት ተዳፋት ላይ ግን መጠንቀቁ ይበጃል።

ታዲያ የአገሩስ ተክል? አውሮፓውያን ደርዘን ዝርያ ያወጡላት አጁጋ እዚህ ዘመድ አላት፤ ስሙም አርማጉሳ ነው። በወይና ደጋና በደጋ፣ በመንገድ ዳርና በጫካ ጠርዝ ይበቅላል። ሰው የሚያውቀው በመራራነቱና በመድኃኒትነቱ ነው፤ ለሆድ ሕመም፣ ለወባ፣ ለስኳርና ለደም ግፊት ይፈልገዋል። በጌጥነቱ ግን የሚያስበው የለም። እውነት ለመናገር ቅጠሉ ጸጉራም አረንጓዴ ነው፤ እንደ አውሮፓዊቷ እህቱ አይቀላም፣ እሷን ያህልም እየተሳበ አይሰፋም። ሆኖም ከመሬት ብዙ ሳይርቅ ጉች ብሎ ያድጋል፣ ፈዛዛ ሰማያዊ አበባ ያወጣል፣ ወራሪ ይሆናል የሚል ስጋትም የለበትም። ሻይ ላይ የሚወደደው ጦስኝም ምድሩን የሚሸፍን፣ ሐምራዊ ሮዝ አበባ ያለው የአገር ተክል ነው፤ እሱ ግን የመንዝና የባሌ ከፍታ ልጅ ስለሆነ ሐዋሳ ይሞቀዋል።

ሙከራውን የሚያካሂድ ተቋም ከተማዋ አላጣችም። የዛሬው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አንዱ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተው የግብርና ኮሌጅ ነው፤ የአትክልት ሳይንስ እስካሁን ይሰጥበታል። አርማጉሳን በዘርና በቁርጥራጭ አባዝቶ ከሰርዶ ጋር በተዳፋት ላይ መሞከር ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

ለግቢው የሚተክል ሰው የሚያስፈልገው ከዚህም ያነሰ ነው። ጊዜው የበልጉ ዝናብ ከያዘ በኋላ ወይም ሰኔ ላይ ነው፤ በበጋ የሚተከል ቁራጭ ሥር ሳይሰድድ ይደርቃል። አረሙ አስቀድሞ ከነሥሩ ይለቀማል፣ አለበለዚያ በተክሉ ሥር ገብቶ ለመንቀል ያስቸግራል። ተዳፋት ከሆነ መሬቱ ሁሉ አይቆፈርም፤ ጉድጓዶቹ ብቻ፣ በቁልቁለቱ ሳይሆን በአግድሙ መስመር፣ አንዱ ረድፍ ከሌላው ጋር ሳይገጥም ይወጣሉ። በችግኞቹ መካከል ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይተዋል፤ ክፍተቱ እስኪዘጋ ድረስም ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል ይነሰነስበታል። ወይን ጠጁ ትራዴስካንሺያ ፀሐይ በሚበዛበት በምዕራቡ በኩል፣ አርማጉሳው ከፊል ጥላ ባለበት በዛፉ ሥር ቢሆን ሁለቱም ቦታቸውን አገኙ ማለት ነው።