የትኛዋ ላም ትቅር? የትኛዋስ ለገበያ ትውጣ?

በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻና በአካባቢው፣ ላም የምትያዘው ለወተትና ለሥጋ ብቻ አይደለም። እንሰት ያለ ፍግ ስለማይፋፋ ጓሮውን የምታዳብረውም እርሷው ናት። ስለዚህ መኖ ሲያጥር የምትሸጠውን ላም መምረጥ የቤተሰቡን ማዕድ የሚነካ ጉዳይ ነው።

ምርጫው በቁመናዋ ብቻ መመራት የለበትም። የላም እርግዝና ዘጠኝ ወር ያህል ነው። በቂ መኖ እያገኘች፣ ኮርማም እያለ ከሁለት ዓመት በላይ ያልወለደች ላም ቀድማ ለገበያ ልትታሰብ ይገባል። ጥርሷ ያለቀ፣ ጡቷ የተበላሸ ወይም ዘወትር የምታነክስም ተከታይዋ ናት። በአንጻሩ ሳታቋርጥ የምትወልድ፣ ጥጃዋን አጥብታ የምታሳድግና በበጋ ብዙም የማትከሳ ላም፣ ሰውነቷ አነስተኛ ቢሆንም ልትቀር ይገባታል።

በአርባ ምንጭ ዙሪያ ባለው ቆላ ግን አርቢው ሌላም ጥንቃቄ ማድረግ አለበት። የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ ላምን ያከሳል፤ ያስጨነግፋልም። በሽታው በሕክምና ሊድን ስለሚችል የከሳችው ላም ከመሸጧ በፊት ለእንስሳት ሐኪም ትታይ።

እንድትሸጥ የተወሰነባት ላም በጋው ሳይጠና፣ ሥጋዋ ሳይጎድል ብትወጣ የተሻለ ዋጋ ታወጣለች። የእርሷም መኖ ለቀሩት ይተርፋል፤ የእንሰቱ ጓሮም ፍግ አያጣም።