የጋራው ፎልደር ቁልፍ በማን እጅ ነው?

በእናቶቻችን ዘመን የቤት ምስጢር የሚቀመጠው በሳጥን ነበር፤ ቁልፉም ከመቀነት ጫፍ አይለይም። ዛሬ የቤት ኪራይ ውሉ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የዕቁቡ ሒሳብ፣ የመሥሪያ ቤት ሥራ ሳይቀር በኮምፒዩተር ሲቀመጥ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ የምናስብ ስንቶቻችን ነን?

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ በራሴ ቤት የደረሰው ነው። ሁለቱ ኮምፒዩተሮቻችን በዋይፋይ ተገናኝተው ፎልደሮቹ ሁሉ የጋራ ነበሩ። የስምንት ዓመቱ ልጄ ለጨዋታው ቦታ ሲፈልግ፣ ሳሎን ተቀምጦ መኝታ ቤት ካለው ኮምፒዩተር የሦስት ወር ሪፖርቴን ሰረዘው። አልፈርድበትም፤ በሩን ወለል አድርጌ የተውሁት እኔ ነኝ። ከቆሻሻ ቅርጫቱ አገኘዋለሁ ብዬ ብፈልግ አጣሁት። ለካስ በኔትዎርክ በኩል የተሰረዘ ሰነድ እንደ ወትሮው ቅርጫት ውስጥ አይገባም፤ በዚያው ጠፍቶ ይቀራል። ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ እንደገና ጻፍሁት።

ብዙዎቻችን ቤት ባለው ዊንዶውስ የጋራ ፎልደር ሁለት በር አለው። «ሼሪንግ» የተባለው ከሌላ ኮምፒዩተር የሚመጣውን ብቻ ይቆጣጠራል። «ሴኩሪቲ» የተባለው ግን እዚያው ፊቱ የተቀመጠውንም ይመለከታል። ከሌላ ክፍል የሚመጣ ሁለቱንም ማለፍ ስላለበት፣ ጠበቅ ያለው በር ያሸንፋል፦ አንዱ «ማንበብ ብቻ» ካለ፣ ሌላው ሁሉን ቢፈቅድም ልጁ ያያል እንጂ አይሰርዝም። «ሼሪንግ»ን ብቻ ዘግቶ መተኛት ታዲያ በቂ አይደለም፤ ልጁ ተነሥቶ ወደ መኝታ ቤቱ ኮምፒዩተር ከሄደ ያ በር አያግደውም።

ሁሉም በእናት ስም የሚገባ ከሆነ ግን በሩ ማንን ከማን ይለያል? ለእያንዳንዱ የቤት ሰው የራሱን ስምና የይለፍ ቃል ማውጣት ይቀድማል። ከዚያ «ኤቭሪዋን» ማለትም ሁሉም ሰው የሚለውን ከዝርዝሩ አውጥቶ፣ የሚፈቀድለትን በስም ማስገባት ነው። የይለፍ ቃል የሚጠይቀውንም የማጋሪያ ሥርዓት፣ አሰልቺ ነው ብለን አንዝጋው።

የጎረቤት ነገርም አለ። ቡና ልትጠጣ የመጣች ወዳጅ የዋይፋይ ቁጥር ብትጠይቅ መከልከል ነውር ይመስላል። ብዙ የዋይፋይ ሳጥኖች የእንግዳ መስመር ስላላቸው፣ እሱን ከፍቶ መስጠት ይቻላል፤ በአግባቡ ከተስተካከለ እንግዳዋ ኢንተርኔት ታገኛለች እንጂ ፎልደሮቻችን ዘንድ አትደርስም። ጠንቀኛ ቫይረስም ከእንግዳ ስልክና ኮምፒዩተር ጋር ይገባል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. የብሪታንያን ሆስፒታሎች ሥራ ያስተጓጎለው «ዋናክራይ» ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የተዛመተው፣ በዚሁ በአሮጌው የዊንዶውስ ፋይል ማጋሪያ ቀዳዳ ነበር።

ልጄ አሁን የራሱ ፎልደር አለው። እኔም እንዳልገባበት ይቆለፍልኝ ብሎ ጠይቋል፤ ገና አልተስማማንም።