ለአሮጌው የማለቢያ ማሽን እስከ መቼ እንክፈል?

የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ በጉዱማሌ አደባባይ በሚከበርበት ሰሞን ሐዋሳ ላይ ወተትና ቅቤ አጥብቆ ይፈለጋል፤ የበዓሉ ምግብ ቡርሳሜ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ ነው የሚሰናዳው። በከተማዋ አብዛኛው ላም በእጅ ይታለባል። ማሽን የገዙት ጥቂት አርቢዎች ግን አንድ ከባድ ጥያቄ አለባቸው፤ አሮጌውን እያስጠገኑ ይቀጥሉ ወይስ ይተዉት?

ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «እስካሁን ስንት ብር አፍስሼበታለሁ፣ እንዴት እተወዋለሁ?» የሚል ነው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ትናንት የወጣው ብር ማሽኑ ተጠገነም ተጣለም አይመለስም። ሊሰላ የሚገባው ከዛሬ ጀምሮ የሚወጣውና የሚገባው ብቻ ነው።

ይህን ስሌት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለውጦታል። በዚያ ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። አዲስ ማሽን በመወደዱ ጥገና የተሻለ ይመስላል። ሆኖም መለዋወጫውም ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ያገለገለ ማሽንም ዛሬ ቢሸጥ ከቀድሞው የተሻለ ብር ሊያወጣ ይችላል። ያንን ብር ትቶ ማሽኑን ማቆየት ራሱ ወጪ ነው።

ትልቁ ወጪ ግን በጥገና ደረሰኝ ላይ አይታይም። የላሟን ጡት የሚይዘው ጎማ 2,500 ጊዜ ያህል ካለበ በኋላ እንዲቀየር ይመከራል። በአንድ ማለቢያ 10 ላሞች በቀን ሁለት ጊዜ ቢታለቡ ይህ ቁጥር በ125 ቀን ይሞላል፤ አራት ወር ገደማ መሆኑ ነው። ብዙዎች ጎማው እስኪሰነጣጠቅ ይጠብቃሉ። ስንጥቁ ውስጥ ጀርም ይራባል፤ የፓምፑ የመሳብ ኃይል ከፍ ዝቅ ሲል ደግሞ ጡቷ ይጎዳል፣ የጡት በሽታም ይከተላል። ለምሳሌ 10 ላሞች እያንዳንዳቸው በቀን 12 ሊትር ቢሰጡና ከዚያ 5 በመቶው ቢጠፋ በቀን 6 ሊትር፣ በ300 ቀን 1,800 ሊትር ነው። በምትሸጡበት ዋጋ አባዙት፤ መድኃኒቱና በሕክምናው ሰሞን የሚደፋው ወተት ገና አልተቆጠረም።

ስለዚህ ፓምፑ ደህና ከሆነና መለዋወጫው ገበያ ላይ ካለ ጎማውን በጊዜው እየቀየሩ መቀጠል ያዋጣል። መለዋወጫው ከጠፋ ግን ለጥቂት ላሞች ጥሩ አላቢ መቅጠር ከአሮጌ ማሽን ይሻላል፤ ይህንን እንደ ውርደት የሚያዩ አርቢዎች ተሳስተዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐዋሳ በፍጥነት እየሰፋች ነው፤ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ያለ በረት ነገ እዚያው ስለመኖሩ ዋስትና የለም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ገንዘባችሁን ግድግዳና ወለል ላይ በሚተከል መሣሪያ አታስሩ፤ ተነስቶ በሚጓዝ በባልዲ ማለቢያ ላይ አውሉት። ለሚቀጥለው ጥገና ከመክፈላችሁ በፊትም ባለሙያው የፓምፑን የመሳብ ኃይል በመለኪያ ለክቶ ያሳያችሁ።