ለልጅዎ የሚልኩት ብር ወልድያ ላይ ምን ይሠራል?

የዩኒቨርሲቲ ምደባ ይፋ በሆነ ዕለት በየቤቱ የሚነሡት ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። መንገዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል? አገሩ ብርድ ነው ወይስ ሙቀት? እዚያ የምናውቀው ዘመድ ማን አለ? ለልጅዎ ወልድያ ከደረሰው፣ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል 520 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይጠብቀዋል። ብርድ ልብሱ፣ በሶውና ድርቆሹ ይሰናዳል። ከሄደ በኋላ ደግሞ በየወሩ በስልክ ብር ይላካል። ያ ብር ልጅዎ እጅ ከገባ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ግን ብዙዎቻችን አንጠይቅም።

ይህን የምለው የልጁን ኪስ እንዲቆጣጠሩ አይደለም። የአንዲት ትንሽ ከተማ መሀል የሚሞቀውም የሚቀዘቅዘውም በአብዛኛው ይህ ብር በሚሄድበት መንገድ ነው።

ከመንገደኛ ወደ ደንበኛ

የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ወልድያ ለረጅም ዘመን የመንገደኛ ከተማ ነበረች። ወደ መቀሌ የሚሄደው ያልፍባታል፤ ወደ ላሊበላ የሚሄደው ይታጠፍባታል። በጥር 2009 ዓ.ም. በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስም የተሰየመው ትልቅ ስታዲየም ተመርቆላታል፤ ስታዲየም ግን ሕዝብ የሚሰበስበው በጨዋታ ቀን ነው። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ያመጣላት ከዚህ የተለየ ነው፤ ለወራት ተቀማጭ የሆነ ደንበኛ።

በግብይት ሙያ ለምንሠራ ሰዎች ልዩነቱ ትልቅ ነው። መንገደኛ አንድ ጊዜ በልቶ ይሄዳል። ተማሪ ግን ለዓመታት ይቆያል። ጥሩ ሽሮ የት እንዳለ፣ የትኛው ፎቶ ኮፒ ቤት ዋጋ እንደሚጨምር በሳምንት ውስጥ ለይቶ ለጓደኞቹ ይናገራል። እንዲህ ባለ ከተማ ደንበኛን አንድ ጊዜ አታሎ መክበር አይቻልም።

ለምሳሌ ያህል እናስላ። 1,000 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው በወር 500 ብር ከግቢ ውጭ ቢያወጡ፣ በወር ግማሽ ሚሊዮን ብር ይሆናል። ብሩ ለብስኩት፣ ለለስላሳና ለሞባይል ካርድ ከዋለ፣ ባለሱቋ ትንሽ ትርፏን ታስቀርና ቀሪው ዕቃው ወደመጣበት ከተማ ይመለሳል። ለሽሮና ለቲማቲም ስልስ ከዋለ ግን እንጀራ ጋጋሪዋ፣ አስተናጋጇ፣ ባለጋሪውና ሽንኩርቱን ያመረተው ገበሬ ይካፈሉታል። እነሱም በተራቸው እዚያው ጫማ ያሰፉበታል፣ ደብተር ይገዙበታል። አንዱ ብር ከተማው ውስጥ ብዙ ጊዜ በዞረ ቁጥር የሚከፈተው ሱቅ ይበዛል።

ሽንኩርቱ ሩቅ አይደለም

ከወልድያ ወደ ሰሜን ጎብዬንና ሮቢትን አልፈው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ቆቦ ይደርሳሉ። ሙቀቱ ይጨምራል፤ የራያ ሜዳ ይዘረጋል፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ ይታያል። ማሽላና ጤፍ የዚህ አገር እህል ነው። በ1977ቱ ረሃብ ዓለም ይህን አካባቢ ያወቀው ከቆቦ በስተሰሜን ካለው ከኮረም መጠለያ በወጡት ምስሎች ነበር። ከሜዳው ሥር ግን ውሃ አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶች እያስቆፈረ፣ ገበሬው ዝናብ ሳይጠብቅ ሽንኩርትና ቲማቲም እንዲያመርት መንገድ ከፍቷል።

የገበሬው ራስ ምታት ከማምረት በኋላ ይመጣል። ቲማቲም አይጠብቅም። ሁሉም በአንድ ሰሞን ሲለቅም ዋጋው ይወድቃል፤ የጭነት መኪና ይዞ የመጣው ነጋዴ ያለውን ይቀበላሉ። ለዚህ አንዱ መፍትሔ ቋሚ ገዢ ነው። በየቀኑ ለሺዎች የሚቀርብ ማዕድ ያለው ዩኒቨርሲቲና በዙሪያው ያሉ ምግብ ቤቶች ደግሞ ከዚህ ሜዳ የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ርቀት ላይ ናቸው። የገበሬዎች ማኅበር በሳምንት ይህን ያህል ኪሎ፣ በዚህ ዋጋ ብሎ ቢዋዋል ሁለቱም ወገኖች ነገን አስበው ማቀድ ይችላሉ። ቆቦ መሀል ላይ ደግሞ መልቀም፣ ማጠብ፣ ማሸግና ማከማቸት ሥራ ይሆናሉ። ዩኒቨርሲቲው ግብርና የሚያስተምረው መርሳ ላይ ነው፤ ከዚያ ለሚመረቁ ወጣቶች ከዚህ የቀረበ የሥራ መስክ ማግኘት ይከብዳል።

አስፋልትና ቀለም ብቻ አይደለም

አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ የገበያ ማዕከሎች ከከተማ ዳር ሲከፈቱ የብዙ ትንንሽ ከተሞች መሀል ባዶ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረው «ሜይን ስትሪት» የተባለ ፕሮግራም የነዚህን ከተሞች መሀል ለማንሣት አራት ነገሮችን አንድ ላይ ይዞ ተነሣ፤ ነጋዴውንና ነዋሪውን ማደራጀት፣ ገጽታን ማሳመር፣ ከተማውን ማስተዋወቅና ንግዱን ማጠናከር። አንዱ ብቻውን እንደማይበቃ የፕሮግራሙ መሠረታዊ እምነት ነው።

እኛ ዘንድ በኮሪደር ልማት ቶሎ ዓይን የሚገባው ሁለተኛው ነው፤ የእግረኛ መንገዱ፣ መብራቱ፣ ቀለሙ። ያማረ መንገድ ማንም አይጠላም። ነገር ግን እዚያ ጥግ ቡና ታፈላ የነበረችው እናት የምትመለስበት ቦታ ካላገኘች፣ ተማሪው ፎቶ ተነሥቶበት የሚያልፈው መንገድ ብቻ ይሆናል።

ለማስተዋወቅም ቢሆን ራያ ቆቦ ባዶ እጁን አይደለም። በነሐሴ አጋማሽ ላስታ «አሸንድዬ»፣ ዋግ «ሻደይ» የሚሉትን የልጃገረዶች ጨዋታ ራያ ቆቦ «ሶለል» ይለዋል። የዚያን ሰሞን ከተማው መሀል የምግብ፣ የሸማና የእጅ ሥራ ገበያ ቢዘረጋ የሚመጣው እንግዳ የሚገዛው ነገር ያገኛል።

የሁሉም መጀመሪያ

ይህ ሁሉ ሰላም ይፈልጋል። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ቆቦንና ወልድያን ሲያዳርስ ሰው ሞቷል፣ ቤተሰብ ተፈናቅሏል፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘርፎ ትምህርት ተቋርጧል። በነሐሴ 2014 ደግሞ ውጊያው ቆቦ ላይ እንደገና አገረሸ። ከዚያም ወዲህ አካባቢው ከፀጥታ ስጋት ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ግቢው ሲዘጋ የሚጎዳው ተማሪው ብቻ አይደለም። ቤት ያከራየችው መበለት፣ ምሳ የምታቀርበው ወጣት፣ በብድር ባጃጅ የገዛው ልጅ አብረው ይወድቃሉ።

ከእርስዎ ቤት የሚጀምረው

እርስዎ ጦርነት አያቆሙም፤ ጉድጓድም አያስቆፍሩም። የሚችሉት ግን አለ። ፍራሹን፣ ባልዲውንና ደብተሩን ከዚህ ጭነው አይላኩ፤ እዚያው ይገዛ። ልጅዎ በሳምንት ጥቂት ቀን ሰፈሩ ካሉት አነስተኛ ምግብ ቤቶች እንዲበላ ይምከሩት፤ ባለቤቷን በስም ይወቃት፤ «እናቴ» ይበላት። በታመመ ቀን በሩን የምታንኳኳው እሷ ልትሆን ትችላለች። ለምረቃ ሲሄዱ በዚያው ቀን አይመለሱ፤ አንድ ሌሊት ይደሩ፤ ፎቶውን ከከተማው ፎቶ ቤት ይነሡ፤ ጤፉንም ከዚያው ሸምተው ይመለሱ። ድርጅት ካለዎት ደግሞ ከአካባቢው ማኅበር የሚገዙት ዕቃ እንዳለ ይጠይቁ።

በዚህ ወር ብር ሲልኩ ልጅዎን «ምን ገዛህ?» ብለው ሲጠይቁት፣ «ከማን ገዛህ?» የሚለውንም ይጨምሩበት።