አንበሳው የነከሰው ክንድ

በ1874 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አንድ አስከሬን ከአፍሪካ ለንደን ገባ። ሟቹ ሚስዮናዊው ዴቪድ ሊቪንግስተን ነበር። ሱሲና ቹማ የሚባሉ ባልደረቦቹ በዛሬዋ ዛምቢያ ከሞተበት መንደር አንሥተው፣ በጨውና በፀሐይ አድርቀው፣ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ድረስ ለወራት ተሸክመውታል። ከሞተ ዓመት ሊሞላው ስለሆነ ፊቱን አይቶ እርሱ ነው ብሎ መማል አይቻልም። ሰር ዊልያም ፈርጉሰን የተባለው ሐኪም ግን የግራ ክንዱን ገልጦ አየ። የላይኛው የክንድ አጥንት ከዓመታት በፊት ተሰብሮ ሳይገጥም ቀርቷል፤ መገጣጠሚያ በማይኖርበት ቦታ ላይ ይታጠፋል። ጥርጣሬው እዚያው አበቃ። ያንን አጥንት የሰበረው አንበሳ ነበር።

ነገሩ የሆነው በ1844 በዛሬዋ ደቡብ አፍሪካ፣ ማቦትሳ በሚባል ቦታ ነው። አንበሶች ሌሊት በረት እየገቡ የመንደሩን ከብት ይፈጃሉ። ከመንጋው አንዱ ከተገደለ ሌሎቹ አገር ጥለው ይሄዳሉ ስለሚባል ሰዉ ጦሩን ይዞ ወጣ፤ ሚስዮናዊው ሊቪንግስተንም ጠመንጃውን አንሥቶ ተከተለ። ሠላሳ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ከቁጥቋጦ ጀርባ አንዱን አየና ሁለቱንም አፈሙዝ ተኮሰበት። ሰዎቹ “ተመታ!” ብለው ጮኹ። እርሱ ግን ቆዩ ብሎ እንደገና ባሩድና ጥይቱን በዘንግ ሲጠቀጥቅ አንበሳው ትከሻው ላይ ሰፈረ። ይዞት ወደቀ፤ ውሻ አይጥ እንደሚያራግፍ አራገፈው። ሜባልዌ የተባለው የአገሩ ተወላጅ መምህር ሊያድነው ጠመንጃ ቢያነጣጥር ጠመንጃው ከሸፈ። አንበሳው ሊቪንግስተንን ለቅቆ የሜባልዌን ጭን ነከሰ፣ ጦር ይዞ የመጣ ሌላ ሰውም ነከሰ፣ ከዚያ በኋላ ድንገት ወድቆ ሞተ። የገደሉት መጀመሪያ የገቡበት ጥይቶች ናቸው።

እንግዲህ ሦስቱን ሰዎች ያቆሰለው ሞቱ የተቆረጠለት አንበሳ ነው። የትልልቅ አውሬ አደን አደጋ ከሞላ ጎደል እዚህ ላይ ነው ያለው። ልቡን የተመታ እንስሳ በፊልም እንደምናየው እዚያው አይደፋም። ደም መዘዋወሩ ቢቆምም አንጎሉ ውስጥ የቀረው ኦክስጅን ለአሥር ሰከንድ ያህል ያስኬደዋል። አሥር ሰከንድ ትንሽ ይመስላል። ጎሽ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ በሰከንድ 14 ሜትር ይጓዛል፤ በአሥር ሰከንድ 140 ሜትር ማለት ነው። አዳኙ የቆመው ደግሞ ሃምሳ ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ ልቡ የተበጠሰ ጎሽ አዳኙ ላይ ለመድረስ አራት ሰከንድ ይበቃዋል፤ ስድስት ይተርፈዋል። ሊያስቆመው የሚችለው አንጎሉን ወይም ሕብለ ሰረሰሩን ያገኘ ጥይት ብቻ ነው። የወንዱ ጎሽ ግንባር ደግሞ ሁለቱ ቀንዶች ከሥር ገጥመው እንደ ራስ ቁር የደፉበት ነው። በዚያ ላይ ይዘልላል፣ ይወዛወዛል፣ ሰባት ወይም ስምንት ኩንታል ይመዝናል።

አዳኞች ጎሽ ቂም ይይዛል ይላሉ። ቆስሎ ጥሻ ይገባል፣ ዞሮ በመጣበት ዱካ ዳር ያደባል፣ የተከተለውን ሰው ይጠብቃል ይባላል። ለእኔ ቂም ማለቱ አይታየኝም። የጎሽ ኑሮ ከአንበሳ ጋር ነው። ሮጦ የማያመልጠውን ጠላት ቆሞ፣ ዞሮ፣ ቀንዱን አቅንቶ መግጠም ዘሩን ያተረፈለት ዘዴ ነው። የቆሰለ ጎሽ መሮጥ ሲያቅተው የሚቀረው ይኸው ነው፤ ከኋላው የሚመጣው ጠረን የአንበሳም ይሁን የሰው ለእርሱ ለውጥ የለውም። አንበሳውም ቢሆን ለዚህ ትግል የተሠራ ነው። አለን ዊልሰንና ባልደረቦቹ ቦትስዋና ውስጥ አንበሶችና የሜዳ አህዮች ላይ መለኪያ አስረው በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ የአዳኞቹ እንስሳት ጡንቻ ከታዳኞቹ 20 በመቶ የበለጠ ኃይል እንዳለውና ፍጥነት ለመጨመር ያላቸው ችሎታም 37 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ዘንግ ይዞ ባሩድ የሚጠቀጥቅ ሚስዮናዊ ከሜዳ አህያ አይፈጥንም።

ዝሆን ሌላ ሒሳብ ነው። ጭንቅላቱ የትልቅ ቁም ሣጥን ያህል ቢሆንም አንጎሉ አምስት ኪሎ ገደማ ነው፤ ወደ ኋላ ርቆ፣ በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ተሸሽጓል። የቀረው የራስ ቅል እንደ ማር እንጀራ በአየር ክፍተት የተሞላ አጥንት ነው። እዚያ የቀረ ጥይት ዝሆኑን ያስቆጣዋል እንጂ አይጥለውም። ይህን ከሁሉ በላይ የተረዳው ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል ነበር። የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ ሰንጥቆ አንጎሉ ከየትኛው ማዕዘን እንደሚገኝ አጠና። ከዚያም ሌሎች ትከሻ በሚያነቅል ትልቅ ጠመንጃ ሲያድኑ፣ እርሱ ጥይቱ 11 ግራም ገደማ በሚመዝን 7 ሚሊ ሜትር ማውዘር ብዙውን ሥራውን ሠራ። ከኡጋንዳው ካራሞጃ እስከ እኛው ጋምቤላ ጊሎ ወንዝ ድረስ እየዞረ ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆኖች ገደለ። እውነቱን ለመናገር የቤል አደን ከጀብዱ ይልቅ የሥጋ ቤት ሥራ ይመስለኛል፤ ቁጥሩ ራሱ ይዘገንናል። ግን ከደመ ነፍስ ይልቅ በእውቀት የሚያድን ሰው ምን እንደሚመስል አሳይቶናል።

ሌላው ሰው ግን በደመ ነፍስ ነው የሚያድነው። ወደ ሊቪንግስተን ልመለስ። ከሁሉም የሚገርመው ስለዚያች ቅጽበት የጻፈው ነገር ነው። አንበሳው እያራገፈው ሕመምም ፍርሃትም አልተሰማውም፤ ሁሉንም እያየ፣ እንደ ሕልም በሆነ ድንዛዜ ውስጥ ነበር። ዋሸ የሚለው ሰው አይጠፋም። መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ሄንሪ ቢቸር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጣሊያን ግንባር የመጡ ቁስለኞችን ሲጠይቅ፣ ክፉኛ ከቆሰሉት አብዛኞቹ የሕመም ማስታገሻ አንፈልግም አሉት። ዛሬ እንደምናውቀው አንጎል ሲጨነቅ ኢንዶርፊን የተባሉ የራሱን ማደንዘዣዎች ያፈስሳል፤ ሕመሙን የሚያስተላልፈውን መንገድ ከሕብለ ሰረሰር ላይ ይዘጋዋል። ሕመም ለተረፈ ሰው ነው የሚጠቅመው፤ አፍ ውስጥ ላለ ሰው ምን ያደርግለታል?

ከአደን የተመለሰ ሰው ሁሉ የሚያወራው ሌላ ነገር ደግሞ አለ፦ “ጊዜው ቆመ” ይላል። አውሬው ቀስ ብሎ ሲመጣ እያንዳንዱን ፀጉሩን አየሁት ይላል። ዴቪድ ኢግልማንና ባልደረቦቹ ይህን በ2007 ባሳተሙት ሙከራ ፈተኑት። ሰዎችን ከ31 ሜትር ከፍታ ወደ ኋላቸው፣ ያለ ገመድ፣ መረብ ላይ ጣሉ። የወደቁት ሰዎች የራሳቸውን አወዳደቅ ከሌላው ሰው አወዳደቅ በ36 በመቶ አስረዝመው ገመቱት። ክንዳቸው ላይ የታሰረላቸው መሣሪያ ግን ቁጥሮችን እጅግ በፍጥነት ያፈራርቅ ነበር፤ ጊዜው በእውነት ቀስ ብሎላቸው ቢሆን ኖሮ ማንበብ በቻሉ። አልቻሉም። ቀስ ያለው ጊዜው አይደለም፤ የፈራ አንጎል ትውስታን አጥብቆ ስለሚጽፍ፣ ኋላ መለስ ብሎ ሲያነብበው ገጹ ይበዛበታል።

ታዲያ ሰው ለምን እንደገና ይወጣል? አዳኞችን ብትጠይቋቸው የሚጣፍጠው መግደሉ አይደለም፣ ዱካ መከተሉ ነው ይሏችኋል። ዎልፍራም ሹልትዝና ባልደረቦቹ በ2003 ባወጡት ጥናት፣ ሽልማት ለሚጠብቁ ጦጣዎች ሽልማቱ እርግጠኛ ሲሆን ወይም ጭራሽ እንደማይመጣ ሲታወቅ፣ በጥበቃው ጊዜ የዶፓሚን ሕዋሶቻቸው ዝም ይላሉ። ይመጣል አይመጣም ሲባል፣ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ሲሆን ግን እየጋሉ ይሄዳሉ። እርጥብ ፋንድያ ያየ፣ የተሰበረ ሣር የነካ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አቧራ በትኖ የሚፈትሽ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚውለው በዚያ ግማሽ በግማሽ ውስጥ ነው።

በአገራችን ዝሆን፣ አንበሳ ወይም ጎሽ የጣለ ሰው ግዳዩን ይዞ ሲመለስ ዘራፍ ብሎ ይፎክር ነበር። “ጎሽ!” የሚለው ሙገሳችንና አውሬው በስም መግጠማቸውም ደስ ይለኛል። ፉከራውን ውሸት ነው ብሎ የሚያጣጥል ወጣት ባገኝ የኢግልማንን መረብ እነግረዋለሁ። ፎካሪው ያየውን ነው የሚናገረው፤ ያየው ግን በጥሻው ውስጥ ሳይሆን ከጥሻው ከወጣ በኋላ ነው።

ሊቪንግስተን አልፎከረም። ክንዱን ከዚያ በኋላ እንደ ልብ ማንሳት አልቻለም፤ የአንበሳው ጥርስ 11 ቦታ ምልክቱን ትቶበታል። ታሪኩን በመጽሐፍ ያወጣው ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1857 ነው። ያውም ወዳጆቹ ስለጨቀጨቁት ነው፤ እርሱ ያሰበው ሲያረጅ ለልጆቹ ሊያወራላቸው ነበር።