ከከሰል ወደ ክራር፦ የአዊ ዲከረንስ ሌላ ገበያ ይኖረው ይሆን?

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ነጋዴ እንጅባራን አልፎ ወደ ዳንግላ ሲያመራ ሁለት ነገር ሳያስተውል አያልፍም። አንደኛው በየማሳው ጥቅጥቅ ብሎ የቆመው የዲከረንስ ዛፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዚያው ዛፍ ተከስሎ በማዳበሪያ የታጨቀው ከሰል ነው። ጥርባም ሆነ አዲስ ቅዳም፣ እንጅባራም ሆነ ዳንግላ፣ በአዊ ዞን ገበያ የዚህ ዛፍ ስም ሲነሳ ገዥውም ሻጩም ደላላውም የሚያስቡት አንድ ነገር ነው፤ ከሰል።

ዲከረንስ የአገራችን ተወላጅ አይደለም። የትውልድ ስፍራው በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ነው። በዚያው በአውስትራሊያ ግን የዲከረንስ የቅርብ ዘመዶች የሆኑ ግራሮች ጊታር ይሠራባቸዋል። አንድ ዓይነት የዘር ሐረግ ያላቸው ዛፎች በአንዱ አገር በጆንያ፣ በሌላው አገር በሣንቲ ሜትር ተለክተው የሚሸጡበት ምክንያት ምንድን ነው? ለአዊ አርሶ አደርና ለእንጨት ነጋዴውስ ከዚህ የሚገኝ ትምህርት ይኖር ይሆን? የዛሬው የገበያ ዓምዳችን የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው።

የአንድ ዛፍ፣ የአንድ ሸቀጥ አደጋ

በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ዲከረንስ የተስፋፋው በአርሶ አደሩ በራሱ ስሌት ነው። የአካባቢው አፈር በአሲድ የተጠቃ በመሆኑ የእህል ምርት ቀንሶ ነበር። አርሶ አደሩ ችግኙን በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ በሁለተኛው ዓመት በዛፎቹ መካከል የበቀለውን ሣር ለከብት መኖ ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ቆርጦ ያከስላል። ከዚያም መሬቱን አርሶ እንደገና ይጀምራል። ዛፉ በሥሩ አማካይነት ናይትሮጅን ለአፈሩ ስለሚያስገኝ ማሳው ከቀድሞው ተሽሎ ይጠብቀዋል። ችግኝ አፍይው፣ ቆራጩ፣ አክሳዩ፣ ጫኚው፣ ደላላውና ባለመኪናው ሁሉ ከዚህ ሰንሰለት እንጀራቸውን ሲያገኙ ቆይተዋል።

ይሁን እንጂ አንድ ዛፍና አንድ ሸቀጥ ብቻ የያዘ ገበያ ሲነካ ሁሉም አብሮ እንደሚነካ በቅርቡ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ባሉት ዓመታት የዋግ ዓይነት የፈንገስ በሽታ በአካባቢው ዲከረንስ ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። ተመሳሳይ በሽታ ቀደም ሲል በደቡብ አፍሪካ የአውስትራሊያ ግራር እርሻዎችም ታይቶ ነበር። በሽታው የሚያስተምረው ነገር ግልጽ ነው። ገቢውን በአንድ ዛፍ ላይ የጣለ አርሶ አደርም፣ ካፒታሉን በአንድ ሸቀጥ ላይ ያሰረ ነጋዴም ሌላ በር ሊኖራቸው ይገባል።

አውስትራሊያውያን ምን አደረጉ?

በጊታር ሥራ ለረጅም ጊዜ ተፈላጊ የነበሩት የብራዚል ሮዝውድ፣ ማሆጋኒና የአውሮፓና የአሜሪካ ስፕሩስ ናቸው። ቢል ሜይ የተባለ የሜልቦርን ሰው እ.ኤ.አ. በ1946 ሜተን የተባለውን የጊታር ፋብሪካ ሲያቋቁም ግን ፊቱን ወደ አገሩ እንጨት አዞረ። የኩዊንስላንድ ሜፕልና ብላክውድ የተባለው ግራር በፋብሪካው ጊታሮች ላይ ዋሉ። ዛሬ ቶሚ ኢማኑኤልን የመሰለ በዓለም የታወቀ ጊታር ተጫዋች የሚይዘው ሜተን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በዚያው በሜልቦርን የተመሠረተው ኮል ክላርክ ደግሞ ለጊታሩ ፊት ቡንያ የተባለውን የአውስትራሊያ ጥድ መሰል ዛፍ፣ ለጀርባና ለጎን ብላክውድን በመጠቀም ይታወቃል።

ይህ የአገር ፍቅር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የንግድ ስሌትም አለበት። የብራዚል ሮዝውድ እ.ኤ.አ. በ1992 በሳይትስ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዝርያዎች ተርታ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2017 መላው የሮዝውድ ዝርያ የድንበር ፈቃድ የሚጠየቅበት ሆነ፤ ለተጠናቀቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ቁጥጥሩ የላላው በ2019 ነው። ታዋቂው የአሜሪካ ጊብሰን ኩባንያ በእንጨት ግዢ ምክንያት በ2009 እና በ2011 በመንግሥት ተፈትሾ፣ በ2012 የ300 ሺህ ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል። ገዥው የእንጨቱን ምንጭ በወረቀት ማረጋገጥ የሚጠየቅበት ዘመን ስለመጣ፣ ከገበሬ ማሳ የተተከለ እንጨት ዋጋው ከፍ ይላል ማለት ነው። ዲከረንስም ሆነ ባሕር ዛፍ በሳይትስ ዝርዝር ውስጥ አይገኙም።

የአውስትራሊያ ዛፍ ከአውስትራሊያ ውጭ በቅሎም ለጊታር መብቃቱ ሌላው መታወቅ ያለበት ነው። የአሜሪካው ቴይለር ኩባንያ በካሊፎርኒያ ከተሞች ጎዳና ላይ ከተተከሉ ባሕር ዛፎች አንዱ ከሆነው ከአይረንባርክ በ2022 ጊታር ሠርቶ ለገበያ አቅርቧል። በከተማው አስተዳደር ዕድሜው አልቆ የሚቆረጥ የጎዳና ዛፍ ነበር፤ ቀድሞ ዕጣው መፈለጥ ወይም መጣል ነበር።

በእኛ ዘንድ ያለው ፍላጎት

በአገራችን የእንጨት መሣሪያ ገበያ አዲስ ነገር አይደለም። ክራር፣ መሰንቆ፣ በገናና ከበሮ ሁሉም እንጨት ይፈልጋሉ። በገና ከቀድሞው ይልቅ በአሁኑ ጊዜ በሰንበት ትምህርት ቤቶችና በማሠልጠኛ ቤቶች ብዙ ተማሪ አለው፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ለልጆቻቸው ይገዛሉ። ሠሪዎቹ ከሚመርጧቸው እንጨቶች ዋንዛ ቀዳሚው ነው። ዋንዛ ግን በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ የተከለከለ ዛፍ ነው። የደን ሕጉ ከዚያ ወዲህ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. ቢተካም፣ አገር በቀል ትላልቅ ዛፎች መመናመናቸው አልቀረም። እንግዲህ ዋንዛን የሚተካ ወይም ቢያንስ የሚያግዝ እንጨት ያገኘ ሰው ደንበኛ አያጣም።

አዊ ደግሞ ሌላም ነገር አለው። አካባቢው የፈረስ አገር ነው። የመሰንቆ ክርም ሆነ የደጋኑ ክር የሚሠራው ከፈረስ ጭራ ነው። ቆዳው ከከብቱ፣ ጭራው ከፈረሱ፣ እንጨቱ ከማሳው ቢገኝ፣ አንድን መሰንቆ ለመሥራት ከዞኑ ውጭ መውጣት አያስፈልግም።

ስሌቱ ምን ይላል?

እዚህ ላይ ነጋዴው ቸኩሎ ገንዘቡን እንዳያወጣ መጠንቀቅ ይኖርበታል። በጊታር ዓለም ስም ያተረፈው ብላክውድ የተባለው የዲከረንስ ዘመድ እንጂ ዲከረንስ ራሱ አይደለም። ሌላው ችግር ውፍረቱ ነው። የጊታር ጀርባ ከሁለት ቁራጭ ሲሠራ እያንዳንዱ ወደ 20 ሣንቲ ሜትር ስፋትና ወደ 55 ሣንቲ ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ጣውላው እንዳይጣመም ከልቡ ወደ ልጡ አቅጣጫ መሰንጠቅ ስላለበት፣ ግንዱ ከ45 ሣንቲ ሜትር የበለጠ ውፍረት ሊኖረው ይገባል። ለከሰል በአምስት ዓመቱ የሚቆረጥ ዛፍ ከዚህ መጠን አይደርስም።

መፍትሔ ግን አይጠፋም። የአሜሪካው ማርቲን ኩባንያ ሰፊ የብራዚል ሮዝውድ ሲያጥረው እ.ኤ.አ. በ1965 ጀርባው ከሦስት ቁራጭ የተገጠመ ዲ-35 የተባለ ጊታር አወጣ፤ ዛሬም የታወቀ ነው። ለክራርና ለመሰንቆ ደግሞ ሰፊ ጣውላ የግድ አይደለም። የክራር ቋሚዎችና አግዳሚ፣ የመሰንቆ አንገት፣ መቃኛውና ደጋኑ ሁሉ ከቀጭን እንጨት ይወጣሉ። ስለዚህ ለመጀመር የሚቀለው ከጊታር ይልቅ የአገር ውስጥ መሣሪያ ነው።

የዋጋው ልዩነት ከየት እንደሚመጣ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። 5 ሣንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ጣውላ በ4 ሚሊ ሜትር ቅጠል ሲሰነጠቅ፣ መጋዙ የሚበላው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ታስቦ፣ 8 ቅጠል ይሰጣል። ይህም ለ4 ጊታር ጀርባ ይበቃል። ያው ጣውላ ቢከስል ማዳበሪያውን እንኳ በቅጡ አይሞላም። ነገር ግን ከሰል በሳምንት ይሸጣል፤ የመሣሪያ እንጨት ግን ተደርድሮ በጥላ ሥር፣ አየር እያገኘ፣ ወራትን አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይደርቃል። በሚገባ ያልደረቀ እንጨት ከተሠራ በኋላ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፤ ባሕር ዛፍ በተለይ በዚህ ይታወቃል። እንግዲህ የሚያስፈልገው ካፒታል ለዛፉ መግዣ ሳይሆን ለመጠበቂያው ነው። ብድር ወስዶ ለሚነግድ ሰው የወለዱ ነገር መጀመሪያ መታሰብ አለበት።

ከዲከረንስ ባሻገር

ሁለት ሌሎች የአውስትራሊያ ዛፎች በአገራችን እያሉ ገበያው ገና አላያቸውም። አንደኛው በብዙ ቦታ ለጥላ የሚተከለው ግራቪሊያ ነው። በአውስትራሊያ ሲልኪ ኦክ የሚባለው ይኸው ዛፍ ሲሰነጠቅ እንደ ጥልፍ ያለ ውብ ሥዕል ስለሚያወጣ ጊታር ሠሪዎች ይጠቀሙበታል። ትልቅ ሆኖ ስለሚያድግ የስፋቱን ችግርም ያቃልላል። ብናኙ ቆዳ ስለሚያሳክክ ግን ሠራተኛው አፍና አፍንጫውን መሸፈን አለበት። ሁለተኛው በአንዳንድ ቦታ ኦመድላ እየተባለ የሚጠራው፣ ያ ሜተንና ኮል ክላርክ የሚያከብሩት ብላክውድ ራሱ ነው። በደጋ አካባቢ ይበቅላል። የአዊ አርሶ አደር ችግኝ ማፍላትም ሆነ ዛፍ ከእህል ጋር ማሳደግ የሚያስተምረው አያስፈልገውም፤ ስለዚህ በማሳው ዳር ጥቂት ኦመድላና ግራቪሊያ ቢያቆም ለከሰሉ የሚሆነውን መሬት አያጣም።

በእርግጥ ይህ በአንድ ክረምት የሚታፈስ ትርፍ አይደለም። ዛፉ ለጣውላ እስኪደርስ አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ይጠይቃል። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” እንዲሉ፣ መንገዱ በደረጃ የሚኬድ ነው። አሁን ባለው ዲከረንስ የክራርና የመሰንቆ እንጨት አድርቆ ለአዲስ አበባና ለባሕር ዳር ሠሪዎች ናሙና ማቅረብ አነስተኛ ገንዘብ የሚጠይቅ ሙከራ ነው። ናሙናው ድምፁ ካማረ ገዥው ራሱ ይመጣል፤ ካላማረም የጠፋው ጥቂት ጣውላ ነው፣ እሱም ቢሆን ይከስላል። ትልቁ ሙከራ፣ ማለትም የጣውላ ዛፍ ማቆሙ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ይሆናል።

በአጠቃላይ ሲታይ፣ አዊ የጎደለው ዛፍ አይደለም፤ የጎደለው ዛፉን አድርቆ፣ ለክቶና ሰንጥቆ የሚያስረክብ ነጋዴ ነው። በሽታው የከሰሉን ገበያ ከነቀነቀው ወዲህ ደግሞ ይህን ክፍት ቦታ ቀድሞ የሚይዝ ሰው የሚያገኘው ትርፍ ለራሱ ብቻ አይሆንም፤ ማሳውን በአንድ ዛፍ ለሞላው አርሶ አደርም ሁለተኛ ገበያ ይከፍትለታል።