ለአሮጊቷ ጃጓር የሚስማማ ቤንዚን

በ1961 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ ዐውደ ርእይ ተገልጣ የብዙዎችን ልብ የማረከችው ጃጓር ኢ-ታይፕ፣ ዛሬ በዘመነ እርጅናዋ ከማደያ ደጃፍ ስትቆም ባለቤቷን የሚያስጨንቀው፣ የቤንዚኗ ኦክቴን ስንት ይሁን የሚለው ጥያቄ ነው። ኦክቴን ማለት፣ ብዙ ሰው እንደሚመስለው የቤንዚን ኃይል ሳይሆን፣ በሲሊንደር ውስጥ ሲታመቅ ካንዴላው እሳት ሳይሰጠው በገዛ ራሱ እንዳይነድ የሚያደርገው ትዕግሥቱ ነው፤ የዚህችም መኪና መደበኛ ሞተር ከአየር ጋር የተዋሐደውን ቤንዚን ወደ ዘጠነኛ እጁ የሚያምቅ ስለ ሆነ፣ ትዕግሥት የጐደለው ቤንዚን ያለጊዜው እየነደደ ፒስተኑን እንደ መዶሻ ይቀጠቅጠዋል። የዘመኑ መኪና ይህን የሚያዳምጥ መሣሪያ አላት፤ የአሮጊቷ ጆሮ ግን የነጂው ጆሮ ብቻ ነው።

ስለዚህ በእንግሊዝ አገር 97 ወይም 98 የተጻፈበትን መቅዳት ይበጃል፤ በአሜሪካ ግን ስሌቱ ሌላ ስለ ሆነ፣ በዚያ 93 የሚባለው ከእንግሊዙ 98 ጋር ይቀራረባል። ወደ ስምንተኛ እጁ ብቻ የሚያምቅ ሞተር ለተገጠመላት እኅቷ ኢ-ታይፕ ግን ውዱን ቤንዚን መግዛት፣ በእኔ አስተያየት፣ ለከንቱ ውዳሴ የሚከፈል ግብር ነው። ዳገት ሲወጣ ጠጠር የሚንኳኳ የመሰለ ድምፅ የሰማ ነጂ፣ እግሩን ከነዳጁ መርገጫ ያላላ፤ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትንም ጊዜ በመካኒክ ጥቂት ያዘግየው።